ክፍያ ያልተጠየቀበት ግድግዳ

 

ብዙዎቻችሁ ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችኋል። ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። የዛሬው ትምህርታችን ከዚያችው ሱራ አይወጣም። ስንቀራት ግን አንድ ዓይናችንን ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ እናደርጋለን። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ፣ በእጁ ገንዘብም ሥልጣንም የሌለው፣ ለሚኖርባት መሬት ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ስታድግ ትደርስበታለህ» የሚል ነው። እስኪ ሱራዋ ምን ትላለች?

በውስጧ አራት ታሪኮች አሉ፦ የዋሻው ወጣቶች፣ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት፣ የሙሳና የኸድር (ዐ.ሰ) ጉዞ፣ የዙልቀርነይን ታሪክ። አራቱንም በየተራ እንያቸው።

፩. ወጣቶች ነበሩ

አላህ (ሱ.ወ) የዋሻዎቹን ሰዎች ሲያስተዋውቀን ስማቸውን አልነገረንም። ጎሣቸውንም አልነገረንም። የነገረን ዕድሜያቸውን ነው፤ ወጣቶች እንደነበሩ። አገሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ፣ ታላላቆች ዝም ሲሉ፣ እነሱ ተነሡ፤ ቆመውም ተናገሩ።

ይህ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ታይቷል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ሠራዊት እንዲመራ ሲሾም ዕድሜው ወደ አሥራ ስምንት ገደማ ነበር። አንዳንድ ሰዎች በልጅነቱ ምክንያት ቅር ሲላቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ቆመው ተከራከሩለት። እሳቸው ካለፉ በኋላም አቡበክር (ረ.ዐ) ሹመቱን አላነሱበትም፤ እሱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እሳቸው በእግራቸው እየሄዱ ሸኙት።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። ችግኙን ከመኪና ላይ የሚያወርደው ማነው? ወጣቱ። ቁልቁለት ላይ ተሸክሞ የሚወጣው? ወጣቱ። ጉድጓድ የሚቆፍረው? እሱው። የት ይተከል፣ ምን ዓይነት ዛፍ ይሁን፣ ከተተከለ በኋላ ማን ይጠብቀው የሚለው ሲወሰን ግን ወጣቱ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። አይጠየቅም ብሎ ማኩረፍ ቀላል ነው። የዋሻዎቹ ወጣቶች ግን እስኪጠየቁ አልጠበቁም። ኡሳማም ሲሾም «ገና ልጅ ነኝ» ብሎ ወደ ኋላ አላለም።

፪. «ይህ አይጠፋም» ያለው ሰውዬ

ሁለተኛው ታሪክ የዛሬውን ርዕስ በቀጥታ ይነካል። አላህ ለአንድ ሰው ሁለት የወይን አትክልት ሰጠው። ዙሪያቸውን የቴምር ዛፍ ከበባቸው፣ በመካከላቸው አዝመራ፣ በውስጣቸው ወንዝ። ሰውዬው አትክልቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን አየና ይህ መቼም ይጠፋል ብሎ እንደማያስብ ተናገረ። ጓደኛው የሰጠህን አስታውስ፣ ማሻአላህ በል ብሎ መከረው። አልሰማም። ከዚያ አንድ ጠዋት አትክልቱ ወድሞ ተገኘ። ላወጣበት ገንዘብ እጁን እያገላበጠ ቀረ።

እኛ ወይን የለንም፤ ስህተቱ ግን አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በመላ አገሪቱ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ አለ፤ እናንተም ብዙዎቻችሁ እጃችሁን ጭቃ አስነክታችኋል። ኸይር ሥራ ነው፣ አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ባለፈው ሐምሌ የተከላችሁትን ችግኝ ጥር ላይ ሄዳችሁ አይታችሁታል?

ያላየ ሰው የአትክልቱ ባለቤት ወንድም ነው። ተከልኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ለጠፍኩ፣ አለቀ። «ይህ አይጠፋም» ማለት በአፍ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ አለማየትም ያው ነው።

ችግኝ ለምን እንደሚሞት እንወቅ። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦

• የችግኙ ሥር የታሰረበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ ይተከላል። ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ተጠምዝዞ ይታፈናል።
• ጉድጓዱ በዚያው ቀን በጥድፊያ፣ ጥልቀት ሳይኖረው ይቆፈራል። ውሃ የሚይዝ ልል አፈር አያገኝም።
• ዘግይቶ ይተከላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይቆማል።
• አጥር የለውም። ፍየል አንድ ጊዜ ከነከሰችው ቡቃያ የለም።
• ከኅዳር እስከ መጋቢት ውሃ የሚያጠጣው የለም።

እነዚህን አንብባችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ገንዘብ አይፈልጉም፤ ሰው ነው የሚፈልጉት። የክረምቱን ሥራ ሁሉም ይሠራዋል፣ ካሜራም አለ። የበጋውን ሥራ ግን ከአላህ በቀር ማንም አያየውም። ኢኽላስ ያለው ሰው የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

፫. ለማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የተሠራው ግድግዳ

አሁን ወደ ሦስተኛው ታሪክ። ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) አንዲት ከተማ ደረሱ። ምግብ ጠየቁ፤ ሕዝቡ እንግድነታቸውን አልቀበልም አለ። ከዚያ ሊፈርስ የተቃረበ ግድግዳ አገኙና ኸድር አቃኑት። ሙሳ (ዐ.ሰ) ተገረሙ፤ ብትፈልግ ኖሮ ክፍያ ትጠይቅበት ነበር አሉት። ቁራሽ ለከለከለ ሕዝብ በነፃ ግድግዳ መሥራት ምን ማለት ነው?

ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ። ግድግዳው የሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ነበር፤ ከሥሩ ሀብታቸው ተቀብሯል፤ አባታቸው መልካም ሰው ነበር። ግድግዳው ያኔ ቢፈርስ ሀብቱ ይጋለጣል፣ ልጆቹም ገና ጠንካሮች አልሆኑም። አላህ ልጆቹ አድገው ራሳቸው እስኪያወጡት ድረስ ሀብቱ እንዲቆይላቸው ፈለገ።

ሱብሓነላህ! የበጎ ፈቃድ ሥራ ማለት ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ክፍያ የለም። የሚያመሰግን ሕዝብ የለም። ተጠቃሚው ገና አላደገም። ሥራው ደግሞ አዲስ ነገር መገንባት አይደለም፤ ሊፈርስ ያዘነበለውን ማቃናት ነው።

የእኛ ግድግዳ ጀፎረ ነው

ወልቂጤና ቡታጅራ ከተሞች ናቸው። ብዙዎቻችሁ ግን የአያቶቻችሁ ቤት በገጠር አለ። ለአረፋ ወደዚያ ትገባላችሁ፤ ከአዲስ አበባም፣ ከሌላም አገር ወንድም እህቶቻችሁ ይመጣሉ። መኪናው ከዋናው መንገድ ሲገነጠል የሚቀበላችሁ ምንድን ነው? ግራና ቀኝ ቤቶች የተሰለፉበት፣ ከጀርባቸው እንሰት የሞላበት፣ መካከሉ ሰፊ አረንጓዴ ሣር የሆነው መንገድ። ጀፎረ።

ጀፎረ ሰርግ የሚደምቅበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ነው። የማንም ሰው የግል ይዞታ አይደለም፤ ለዚህም ነው የሁሉም የሆነው። ማንም ተነሥቶ አያርሰውም፣ አጥር አይገፋበትም። እንዲህ ያለው የጋራ ነገር የሚጠበቀው በሕዝቡ ባህላዊ ሕግ ነው፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ በክስታኔ ጎርደና ሴራ የሚባለው። ዘበኛና ካርታ ሳይኖር ሣሩ ለትውልዶች አረንጓዴ ሆኖ ቆይቷል።

መጀመሪያ ያሰመሩት ሰዎች ስማቸው አይታወቅም። ለእናንተ ግን ግድግዳ አቃኑላችሁ። ዛሬ ግድግዳው በየቦታው ማዘንበል ጀምሯል፤ አጥር በአንድ ክንድ ይገፋል፣ ጫፉ ላይ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ መኪና ሣሩን ያርሰዋል፣ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ይበተንበታል። በአንድ ቀን አይፈርስም። አሁን ትናንሽ የሆኑት ልጆች ሲያድጉ ግን የሚያገኙት ጠባብ የአቧራ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለዲናችን ባዕድ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናን ክልል ዛፍ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። በአቅራቢያዋ አን-ነቂዕ የሚባለውንም የግጦሽ ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል። ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው እንዲህ ያለ ክልል እንዲጠብቅ ሑነይ የሚባለውን ሰው ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ደሃ እንዲያስገባ፣ የሀብታሞቹን መንጋ ግን እንዲጠነቀቅ አዘዙት። ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ እርሻና ቴምር አላቸው፤ ደሃው ግን ሌላ ምንም የለውምና።

ይህንን በደንብ ያዙት። አንድ ቦታ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ስትሉ፣ ሁለት ፍየል ብቻ ያላቸውን እናት አስቀድማችሁ አስቡ። ሣሩ ታጭዶ ለእሳቸው እንዲሰጥ አድርጉ። ተፈጥሮን ጠብቆ ደሃን የሚያስለቅስ ሥራ የዑመር (ረ.ዐ) መንገድ አይደለም።

ተራራው ሲራቆት ማን ይጎዳል?

ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ ቀና ብትሉ የዘቢዳር ተራራ አለ፤ ከፍታው 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ይህ የተራሮች ሰንሰለት ውሃ ከፋይ ነው። ወደ ምሥራቅ የወረደው ዝናብ በመቂ ወንዝ በኩል ደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ይገባል። ወደ ምዕራብ የወረደው በወልቂጤ በኩል ወደሚያልፈው ዋቤ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ኦሞ ይሄዳል። የጊቤ ሦስት ግድብ ያለው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው።

ስለዚህ የቡታጅራ ልጅ ያቆመው ጎርፍ ደንበል ላይ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው ይጠቅማል። የወልቂጤ ልጅ የያዘው አፈር ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ አይሞላም። እነዚያ ሰዎች አያውቁህም፤ አንተም አታውቃቸውም። ግድግዳው የማን እንደሆነ ያልተጠየቀበትን ታሪክ አስታውሱ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዛፍና ሣር ያለበት ቁልቁለት ላይ ጠብታው ቅጠል ላይ ይሰበራል፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የተራቆተ ቁልቁለት ላይ ግን ጠብታው አፈሩን ይመታል፣ ይገፈዋል፣ ውሃው ተሰብስቦ ይሮጣል፣ ቦረቦር ይቆፍራል። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ ምንጭ። ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው።

አያቶቻችሁ ይህን ያውቁት ነበር። እንሰት በቤቱ ዙሪያ የሚተከለው ለቆጮና ለቡላ ብቻ አይደለም፤ ሰፊ ቅጠሉ አፈሩን ይሸፍናል፣ ዓመቱን ሙሉ መሬቱ ራቁቱን አይቀርም። እናቶች እንሰትን ከቦታ ወደ ቦታ ደጋግመው ያዛውሩታል፣ ፍግ ያለብሱታል፣ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቁታል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት ይኖራል ይባላል። ትዕግሥት ምን እንደሆነ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ጓሮ ገብታችሁ እናታችሁን ጠይቁ።

፬. «በጉልበታችሁ አግዙኝ»

በሱራዋ ውስጥ ሁለተኛ ግንብ አለ፤ ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ጋር አናያይዘውም። ዙልቀርነይን በሁለት ተራሮች መካከል ወደሚኖሩ ሰዎች ደረሰ። ከሚያጠፏቸው የእጁጅና መእጁጅ የሚጋርዳቸው ግንብ እንዲሠራላቸው ለመኑት፤ ክፍያም አቀረቡ። እሱም ክፍያውን አልፈለገም፤ ጌታዬ የሰጠኝ ይበልጣል አለ። አንድ ነገር ግን ጠየቃቸው፦ ጉልበታቸውን። ብረቱን አምጡ፣ እሳቱን አናፉ እያለ ራሳቸው እንዲሠሩት አደረገ። ሲያልቅም ይህ ከጌታዬ የሆነ እዝነት ነው አለ እንጂ «እኔ ሠራሁት» አላለም።

ኸድር ግድግዳውን ብቻቸውን አቃኑ። ዙልቀርነይን ግን መራ። መሪ ማለት ሁሉን ብቻውን የሚሠራ፣ ወይም ቆሞ የሚያዝ አይደለም። ባለቤቶቹን የራሳቸው ግንብ ላይ እጃቸውን እንዲያሳርፉ የሚያደርግ ነው። በሌሎች እጅ የተተከለልህን ዛፍ ፍየል ብትበላው ግድ አይሰጥህም። አንተ የቆፈርክለትን ግን ትሮጥለታለህ።

የጉራጌ ሕዝብ ይህንን በተግባር አሳይቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ገብተው በንግድ የሚተዳደሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከቤት የወጡ፣ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅቶች አቋቋሙ። ከዓለም ገና ተነሥቶ ቡታጅራን አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድና ወደ ሰባት ቤት የሚገቡት መንገዶች የዚያ ጥረት ፍሬዎች ናቸው። «መንግሥት እስኪሠራልን» ብለው አልተቀመጡም፤ መንግሥትንም አልተጣሉም። ሠርተው አሳዩና አብሮ እንዲሠራ ጋበዙት።

ከሩቅ ደግሞ አንድ ምሳሌ። በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት መላቲ እና ኢዛቤል ዊጅሰን የሚባሉ እህትማማቾች በ2013 እ.ኤ.አ. በፌስታል ላይ ዘመቻ ሲጀምሩ አንዷ 12፣ ሌላዋ 10 ዓመቷ ነበር። የባሕር ዳርቻ አጸዱ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ገዥውን አግኝተው አናገሩ። ስድስት ዓመት ፈጀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ባሊ ፌስታልን ከለከለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰልችቷቸው ቢተዉት ኖሮ ስማቸውን አንሰማም ነበር። በእኛም አገር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ ወጥቷል፤ ገበያ ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ግን ዘንቢል ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

እንዴት እንጀምር?

ይህን አንብባችሁ «ማሻአላህ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። ሥራው ይኸውና፦

1. ትንሽ ቦታ ምረጡ። ዘቢዳርን በሙሉ አትሸከሙ። የመስጂዱ ግቢ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ የጀፎረው አንድ ጥግ፣ አንድ ምንጭ ይበቃል። አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ ሃያ ችግኝ ብትይዙ ብዙ ነው። በትምህርት ቤታችሁ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ካለ በዚያው ግቡ።

2. ፈቃድ ጠይቁ። ጀፎረው ባለቤት አለው፤ እሱም ሕዝቡ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ሂዱ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ «አባቶቻችን፣ ይህችን ጥግ እኛ እንጠብቃት፤ ሕጉን ግን እናንተ ንገሩን» በሉ። ሽማግሌ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ እንቢ አይልም፤ አጥር ገፊውንም የሚገሥጽላችሁ እሱ ነው። ወላጆቻችሁንም አሳውቁ። ሶላትና ትምህርት የሚያስቀር በጎ ፈቃድ የለም።

3. ጉድጓዱን ቀድማችሁ ቆፍሩ። በእነዚህ ዓመታት አረፋ የሚውለው ግንቦት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወንድሞቻችሁ ጀፎረው ላይ ተሰብስበዋል፤ ከበዓሉ ማግስት አንድ ጠዋት አካፋ አስይዟቸው። ወርዱም ጥልቀቱም ከክንድ ትንሽ ያነሰ ጉድጓድ ይበቃል። የላዩን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጡ፤ ሲተከል መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።

4. አገር በቀሉን ምረጡ። ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ለደጋው ኮሶ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለግንባታ ይጠቅማል፤ ምንጭ አጠገብ ግን አትትከሉት፣ ውሃውን ይጠጣዋል። የግብርና ባለሙያ በቀበሌያችሁ አለ፤ ለቦታው የሚስማማውን ጠይቁት። ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ፕላስቲኩን አውልቃችሁ ትከሉ። ፕላስቲኩን እዚያው አትጣሉት።

5. የውዱእ ውሃ አታባክኑ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ከአንድ ሊትር በታች ማለት ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን ወሬ እናወራለን። እስኪ እናስላ፦ ለጁሙዓ 200 ሰው መጥቶ እያንዳንዱ ሦስት ሊትር ቢጠቀም 600 ሊትር ነው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አሥር ሊትር ብትሰጡት ይህ ውሃ ስልሳ ችግኝ ያጠጣል። ኢማሙንና የመስጂዱን ኮሚቴ አስፈቅዳችሁ ከውዱእ ቦታው ወደ ችግኞቹ ትንሽ ቦይ አውጡ። ራቅ ላለው ችግኝ ጀሪካን አለ። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ከሥሩ ብትደፉት ቀስ እያለ ያንጠባጥብለታል።

6. ደብተር ያዙ። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥርና ጠባቂ ይኑረው። ተራ አውጡ። ጥር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ፤ ከሃያው ስንቱ አለ? የሞተውን አትደብቁ። ለምን እንደሞተ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ክረምት ተኩት። ደብተራችሁ ላይ የተጻፈ አሥራ ሁለት ሕያው ዛፍ፣ ፎቶ ላይ ካለ ሺህ ችግኝ ይበልጣል።

7. እህቶች ወደ ፊት ይምጡ። በብዙ ቤት ውሃ የምትቀዳውና ማገዶ የምትለቅመው ልጅቷ ናት። ምንጩ ሲደርቅ፣ ዛፉ ሲርቅ መጀመሪያ የሚደክመው የእሷ እግር ነው። የትኛው ምንጭ ይቀድም ሲባል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እንግዲያው ደብተሩን እሷ ብትይዝ፣ ሰብሳቢዋም እሷ ብትሆን ምን ይገርማል?

ወልቂጤ ያላችሁ ክበባችሁ ሲጠነክር በአቅራቢያችሁ ያለውን የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት ጠይቁ። ያልተነካ መሬት ምን እንደሚመስል ያየ ልጅ ስለ ምን እንደሚደክም ያውቃል።

የዚህ ሥራ ምንዳ

ሙስሊም የሆነ ሰው ዛፍ ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። በአንዱ እጁ ችግኝ ይዞ ሳለ ቂያማ ብትቆም እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ሰዎች የሚያርፉበትን ጥላና የሚሄዱበትን መንገድ ማቆሸሽን አጥብቀው ከልክለዋል። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም ነግረውናል።

የቂያማውን ችግኝ አስቡት። ማን ሊበላው ነው? ማን ሊጠለልበት ነው? ማንም። ታዲያ ለምን ይተከላል? ምክንያቱም ከእኛ የተጠየቀው ውጤቱ አይደለም፤ ውጤቱ የአላህ ነው። የተጠየቅነው አማናውን እንድንወጣ ነው። ስለዚህ ከሃያው ስምንቱ ቢሞትባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሃያውም ቢጸድቅ ደግሞ እንደ አትክልቱ ባለቤት አትኩራሩ። ማሻአላህ በሉና ጀሪካናችሁን አንሡ።

ለዚህ ሳምንት

በቤታችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወይም ከመድረሳ በኋላ በእነዚህ ላይ ተወያዩ፦

• በምትኖሩበት ሰፈር ሊፈርስ ያዘነበለ «ግድግዳ» የትኛው ነው? ምንጭ? ጀፎረ? የትምህርት ቤቱ ግቢ?
• ባለፈው ክረምት ከተከላችሁት ስንቱ በሕይወት አለ? ከሚቀጥለው ጁሙዓ በፊት ሄዳችሁ ቁጠሩ።
• በሰፈራችሁ ስለ ጀፎረ ወይም ስለ ጥንቱ ደን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ማናቸው? ሂዱና «ድሮ እንዴት ነበር የሚጠበቀው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሰማችሁትን ጻፉት። እሳቸው ሲያልፉ አብሯቸው እንዳይቀበር።

ያ አላህ! የዋሻዎቹን ወጣቶች ልብ እንዳጸናህ የወጣቶቻችንን ልብ አጽና። ሥራችንን ለአንተ ብቻ የጠራ አድርግልን። ተራሮቻችንን አልብስልን፣ ምንጮቻችንን አታድርቅብን፣ ዝናባችንን የእዝነት ዝናብ አድርገው። ግድግዳ አቅንተውልን ስማቸውን ላላወቅናቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን እዘንላቸው። እኛንም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት መልካም ቀደምቶች አድርገን። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።